ስማቸው አንድ፣ ዘንጋቸው ሁለት፦ አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲቀየር ዕቃን ስለማጣጣም

ጥያቄ፦

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። እ.ኤ.አ. የ1978 ሞዴል ሼቭሮሌ ፒክአፕ አለኝ። ሞተሩ አብሮት የተሠራው ባለ350 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8፣ ካምቢዮው ደግሞ ባለሦስት ማርሹ ቲኤች350 ነው። በፈጣን መንገድ ላይ ሞተሩ በጣም ስለሚጮህና ቤንዚን ስለሚበላ፣ ኦቨርድራይቭ (በፈጣን መንገድ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ማርሽ) ያለውን ባለአራት ማርሽ 700አር4 ላስገባለት ወስኜ ከአሮጌ መኪና ፈቺዎች «የ1987 ነው» የተባለ አንድ ገዛሁ። ለ1987 ሞዴል የሚሆን አዲስ ቶርክ ኮንቨርተርም (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክብ ዕቃ) አስመጣሁ፤ ነገር ግን ከዘንጉ ጫፍ ጋር ይነካካና አልገባ ይላል። ቤቴ ውስጥ ሌላ የ1989 700አር4 አለ፤ ሁለተኛ፣ አራተኛና የኋላ ማርሽ ስለማይዝ በርካሽ ያገኘሁት ነው። ከእርሱ ዘንጉን ብቻ አውጥቼ ወደ ፊተኛው ባዛውር ይሆናል? የድሮው ካምቢዮ ኬብልስ ያገለግለኛል? ጓደኛዬ «700አር4 ሁሉ አንድ ነው፤ ኮንቨርተሩን ገፋ አድርገህ በቡሎን ሳበው» ይለኛል።

መልስ፦

ውድ አንባቢያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ኮንቨርተሩን በቡሎን እንዳይስቡት አደራ እላለሁ። እኔ ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት ይህንኑ አድርጌ፣ የካምቢዮው አፍ ከሞተሩ ጋር ሊገጥም ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው በቁልፍ አጥብቄ የአንድ ደንበኛዬን ፓምፕ ሰብሬአለሁ። ኮንቨርተር በትክክል ሲቀመጥ እጅ እያዞረ በቀስታ ሲገፋው በየደረጃው ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ መጀመሪያ የዘንጉን ጥርሶች፣ ቀጥሎ የስታተሩን (ዘንጉን የከበበውን ቱቦ)፣ በመጨረሻም የፓምፑን መያዣ ያገኛል። የካምቢዮው አፍና የሞተሩ ጀርባ በእጅ ብቻ ተገፍተው ሙሉ በሙሉ መገናኘት አለባቸው። ከተገናኙም በኋላ በኮንቨርተሩና ፍሌክስፕሌት በሚባለው ቀጭን ቮላኖ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ሊቀር ይገባል። ክፍተቱ ከሌለ አንድ የማይገጥም ዕቃ አለ ማለት ነው።

የእርስዎን የማይገጥም ዕቃ ለማወቅ የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪና እርሳስ ብቻ ነው። ከፓምፑ መሐል ብቅ ባለው የመግቢያ ዘንግ ላይ ያሉትን ጥርሶች ይቁጠሩ፤ አንዱን በእርሳስ ምልክት አድርገው ይጀምሩ፣ ሁለት ጊዜም ይቁጠሩ። ይህ ካምቢዮ በ1982 ሞዴል ሲወጣ የመግቢያ ዘንጉ 27 ጥርስ ነበረው፤ ዘንጉ ለኃይለኛ ሞተር ቀጭን ሆኖ ስለተገኘ በ1984 እና በ1985 ሞዴሎች አካባቢ ወደ 30 ጥርስ ተለወጠ። ኮንቨርተርዎ ለ1987 የተሠራ ስለሆነ የሚፈልገው 30 ነው። እንደ እኔ ግምት፣ «የ1987» ተብሎ የተሸጠልዎ ካምቢዮ 27 ጥርስ ያለው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ከዘይት ሰሃኑ በላይ ባለው ጠርዝ ላይ የተቀረጸ ኮድ መኖሩ ያግዛል፤ ነገር ግን በአርባ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተፈታ የማይታወቅ ካምቢዮ ውጩ የሌላ፣ ውስጡ የሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ከኮዱ ይልቅ በዓይንዎ የቆጠሩትን ይመኑ።

ዘንጉን ብቻ ስለማዛወር የጠየቁት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዘንጉ ብቻውን የሚንቀሳቀስ ዕቃ አይደለም። ከፍሪሲዮኖቹ ከበሮ ጋር ተጨምቆ የተያያዘ ሲሆን፣ ኮንቨርተሩ ውስጥ የሚገባው የስታተር ቱቦ ደግሞ ከፓምፑ ጋር ነው። ስለዚህ ባለ27ቱን ወደ 30 ለመለወጥ ቢያንስ ከበሮውን ከነዘንጉ፣ እንዲሁም ፓምፑን ከነስታተር ቱቦው አብሮ ማንሳት ያስፈልጋል። ችግሩ በዚህም አያበቃም፤ በ1987 ተጨማሪ ቫልቭ ቦዲ (ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍል ክፍል) ስለታከለ የካምቢዮው አካል የዘይት መንገዶች ከቀድሞው ይለያሉ። አካሉ፣ ቫልቭ ቦዲው፣ በመካከላቸው ያለው ቀዳዳ የበዛበት ሰሌዳና ጓርኒሲዮኖቹ የአንድ ዓመት ቤተሰብ መሆን ይኖርባቸዋል። ጓርኒሲዮኑን ሰሌዳው ላይ አስተኝተው ወደ ብርሃን ያንሱት፤ ቀዳዳ የተሸፈነበት ቦታ ካዩ የአንድ ማርሽ ዘይት ተዘጋ ማለት ነውና አይግጠሙት።

ስለሆነም እኔ የምመክርዎ ነገሩን እንዲገለብጡት ነው። መሠረት መሆን ያለበት «የሞተው» የ1989ኙ ካምቢዮ ነው፤ 30 ጥርስ አለው፣ ከኮንቨርተርዎ ጋር ይገጥማል፣ ቫልቭ ቦዲውና አካሉም የራሱ ናቸው። ደግሞም የጻፉልኝ የሕመም ምልክት ተስፋ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛና አራተኛ ብቻ ጠፍተው የኋላው ቢሠራ ኖሮ ባንዱን (ከበሮውን አቅፎ የሚይዘውን የብረት ቀበቶ) እና የሚያጠብቀውን ሰርቮ እጠረጥር ነበር። ሦስቱም አብረው ሲጠፉ ግን በዚህ ካምቢዮ በጣም የታወቀው ምክንያት ሰን ሼል የሚባለው፣ የደወል ቅርጽ ያለው ቀጭን ብረት አንገቱ ላይ መበጠሱ ነው። ሲፈቱት አንገቱ ዙሪያውን እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ክዳን ተቆርጦ ያገኙታል። በጥንካሬ የተሠራ ምትክ ይገኛል፤ የሚገባውም ያለ ምንም ለውጥ ነው። አንዴ ከተከፈተ የሦስተኛና አራተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ሸራዎችን ሳይመረምሩ አይዝጉት፤ ከጠቆሩ ወይም የተቃጠለ ከሸተቱ ሁሉንም ይቀይሩ። ለሁለተኛ ማርሽ ባንድ በኮርቬት የገባው ትልቁ የሰርቮ ፒስተን በዚሁ አካል ውስጥ ስለሚገጥም፣ ፒክአፕዎ ጭነት የሚይዝ ከሆነ ቢጨምሩት ጥሩ ነው፤ የፒኑን ርዝመት ግን ከባንዱ ጋር ለክተው ይግጠሙ።

አሁን ከሁሉ አጥብቄ ልናገረው ወደምፈልገው ወደ ኬብሉ ልመለስ። የድሮውን ኬብል ፈጽሞ አይጠቀሙ። ሁለቱም ኬብሎች ከካርቡራተሩ ተነሥተው ወደ ካምቢዮው ስለሚወርዱ አንድ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን በእጅጉ ይለያያል። በቲኤች350 ላይ ሞተሩ ምን ያህል ጭነት እንዳለበት ለካምቢዮው የሚነግረው በቀጭን ጎማ ቱቦ የሚመጣው የሞተሩ ቫኩም ነው፤ ኬብሉ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ማርሽ ከማውረድ በቀር ሥራ የለውም። 700አር4 የቫኩም ቱቦ የለውም። የዘይቱ ግፊት መጠን፣ ማርሹ የሚቀየርበት ጊዜና ማርሽ ማውረዱ በሙሉ ቲቪ በሚባለው በአንዱ ኬብል የሚታዘዝ ነው። ኬብሉ ከላላ ወይም መንገዱ አጭር ከሆነ፣ እርስዎ ፔዳሉን ረግጠው ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲጎትት ካምቢዮው ግን ቀስ ብለው የሚነዱ መስሎት ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፣ የሦስተኛና አራተኛው ቀድሞ ይቃጠላል። በጥንቃቄ የታደሰ ካምቢዮ በመጀመሪያው የሙከራ ጉዞ በዚህ ምክንያት ብቻ ሲበላሽ ማየት እጅግ ያሳዝናል።

የ1978 ካርቡራተርዎ የተሠራው ይህ ካምቢዮ ሳይኖር ነው። ስለዚህ ለ700አር4 የተዘጋጀውን የኬብል መያዣና የእጀታ ማስተካከያ ይግዙ። ከካርቡራተሩ ምላስ (አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) ዘንግ መሐል እስከ ኬብሉ መንጠቆ ያለው ርቀት 28 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ሲያስተካክሉ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥ፣ እርስዎ ደግሞ ኮፈኑ ሥር ሆነው ኬብሉን ይመልከቱ፤ ምላሱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ኬብሉም ተስቦ መጨረሻው ላይ መድረስ አለበት፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ ደግሞ መላላት የለበትም። ከዚያም የግፊት መለኪያ ገጥመው ፔዳሉ ሲረገጥ ግፊቱ አብሮ መውጣቱን ሳያረጋግጡ ወደ መንገድ አይውጡ።

በሞተሩ በኩል የእርስዎ ሥራ ቀላል ነው። ሁለቱም ካምቢዮዎች የሼቭሮሌ የቡሎን አቀማመጥ አላቸው፤ የራስዎ ፍሌክስፕሌትም በቦታው ይቆያል። የ1989 መኪና ፍሌክስፕሌት እንዳይሞክሩ፤ ከ1986 ጀምሮ የክራንክ ዘንጉ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክለው ጎማ) አንድ ወጥ ስለሆነ የቡሎኖቹ ክብ ይለያል።

በኋላ በኩል ግን ሜትር ያስፈልጋል። 700አር4 781 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ባለ6 ኢንች ጅራት ቲኤች350 ደግሞ 703 ያህል ነው፤ የእርስዎ ይህ ከሆነ ካርዳኑ (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወስደው ዘንግ) በ78 ሚሊሜትር ገደማ ማጠር አለበት፣ የካምቢዮው ማረፊያ ብረትም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሆኖም ብዙ ፒክአፖች ባለ9 ኢንች ጅራት ስለነበራቸው ርዝመቱ ከ700አር4 ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ካርዳኑን መንካት ላያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ካምቢዮዎች ወለል ላይ ጎን ለጎን አስተኝተው ሳይለኩ ማንም «ቁረጠው» ቢልዎ አይቁረጡ። የካርዳኑ አፍ በሁለቱም 27 ጥርስ ስለሆነ ይገባል።

የዲፈረንሻልዎን ቁጥር (ጎማው አንድ ዙር ሲዞር ካርዳኑ ስንት ዙር እንደሚዞር) አልጻፉልኝም፤ ይመልከቱት። የ700አር4 አንደኛ ማርሽ 3.06፣ አራተኛው 0.70 ነው። ዲፈረንሻሉ 3.73 ከሆነ በመጨረሻው ማርሽ 2.61 ያገኛሉ፤ ቀድሞ 3,000 ዙር ይጮህ የነበረው ሞተር በዚያው ፍጥነት 2,100 አካባቢ ይረጋጋል። 2.73 ከሆነ ግን ውጤቱ 1.91 ስለሚሆን ሞተሩ ጭነት ሲይዝ ይታፈናል፤ በዚህ ሁኔታ ዲፈረንሻሉ ሳይቀየር ኦቨርድራይቭ አይጠቅምዎትም።

የመጨረሻው ጉዳይ ሞተሩንና ካምቢዮውን ያለ መንሸራተት የሚያያይዘው የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ነው። 1989ኙ በቀድሞ መኪናው ላይ ኮምፒዩተር ነበር የሚቆልፍለት፤ የእርስዎ ፒክአፕ ኮምፒዩተር የለውም። በአራተኛ ማርሽ ግፊት የሚሠራ ማብሪያ ካምቢዮው ውስጥ ገጥመው፣ 12 ቮልቱን በፍሬን ፔዳሉ ማብሪያ በኩል ያሳልፉት፤ ፍሬን ሲይዙ መቆለፊያው ይለቃል። ሽቦውን ለኋላ ቀን አያቆዩት፤ ሳይቆለፍ በአራተኛ ማርሽ ረጅም መንገድ ከነዱ ዘይቱ ይግላል፣ አዲስ ያስገቡትንም ሸራ ያቃጥላል። የ27ቱን ካምቢዮ ደግሞ አይጣሉት፤ ሰን ሼሉ ከተሰበረ ስብርባሪው የ1989ኙን ፕላኔታሪ ማርሾች (በመሐል ማርሽ ዙሪያ የሚዞሩትን) ጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥርሳቸውን ቆጥረውና ለክተው አንድ መሆናቸውን ሲያረጋግጡ ምትክ ሊያወጡለት ይችላሉ።