በሰው ስም የኖርኩባቸው ሰባት ዓመታት

ጥያቄ፦ ቀሲስ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው ሳሪስ አካባቢ ነው። በ22 ዓመቴ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሪያድ ስሄድ ደላላው «በክርስቲያን ስም ቶሎ ሥራ አይገኝም» ብሎ ፓስፖርቴን ዘሃራ በሚል ስም አስወጣልኝ። ማተቤን እዚያው እሱ ቤት በመቀስ ቆርጬ ሳሙና መያዣ ውስጥ ደብቄ ይዤው ሄድኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዘሃራ ተብዬ ተጠራሁ፤ አሠሪዎቼ ሲሰግዱም ፈርቼ አብሬ ሰገድኩ። ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነው። እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እሄድና ሳልገባ እመለሳለሁ። መንገድ ላይ ሰው «ዘሃራ» ብሎ ሲጣራ ዞር እላለሁ፤ በገዛ ስሜ ሲጠሩኝ ግን ቶሎ አልሰማም። የክርስትና ስሜን ረስቼዋለሁ። የምታስታውሰው እናቴ ነበረች፤ እሷም እኔ እዚያ ሳለሁ አረፈች። የክርስትና እናቴ ደሴ አሉ፣ ግን በምን ፊቴ እደውልላቸዋለሁ? እንደገና መጠመቅ እችላለሁ? ጥር 11 ቀን የሚረጨው ውኃስ ይበቃኛል? እኔ አሁን ማን ነኝ?

ስሟ እንዲጠቀስ ያልፈለገች

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ቀን በኪሴ ይዤ ዞርኩ።

አጭር መልስ ካለው ልጀምር። ዳግመኛ አትጠመቂም። በቅዳሴ ሁሉ «ኃጢአትን በምታስተሰርይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» እንላለን። በ80 ቀንሽ ከማየ ገቦ፣ ከጥምቀቱ ውኃ ተወልደሽ፣ ሜሮን የተባለውን ቅዱስ ቅባት ተቀብተሽ የሥላሴ ልጅነት አግኝተሻል። ልጅ ከቤት ወጥቶ ይከርማል እንጂ ተመልሶ ከእናቱ አይወለድም። የጥር 11 ውኃም የጌታን ጥምቀት የምናስብበት በረከት ነው፤ ሄደሽ ተረጪ፣ ደስም ይበልሽ፣ ነገር ግን የንስሐን ቦታ አይተካም። ከሃይማኖት ወጥተው ለሚመለሱ ሰዎች መጽሐፈ ቄደር የሚባል ሥርዓት አለን፤ ካህኑ በውኃ ላይ ይጸልይና ተመላሹ በዚያ ይጠመቃል። እሱም ቢሆን የመንጻት ሥርዓት ነው እንጂ ሁለተኛ ልደት አይደለም። ለአንቺ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስኑት ታሪክሽን ፊት ለፊት የሚሰሙት የንስሐ አባት ናቸው፤ እኔ በመጽሔት ላይ ልወስንልሽ አልችልም።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። ዘሃራ የሚለው ስም በራሱ ምንም ነውር የለበትም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በክብር የሚጠሩበት፣ ለልጆቻቸው በፍቅር የሚያወጡት ስም ነው። ያቆሰለሽ ስሙ ሳይሆን ሳትመርጪው እንደ ዩኒፎርም መልበስሽ ነው።

ይህ በአንቺ አልተጀመረም። ለንጉሡ ጣዖት አንሰግድም ብለው እሳት ውስጥ የተጣሉትን፣ ታኅሣሥ 19 በገብርኤል በዓል የምናስባቸውን ሦስቱን ወጣቶች፣ ሠለስቱ ደቂቅን ታውቂያቸዋለሽ፤ እናትሽም ቁልቢ ገብርኤል ተስላ ታውቅ ይሆናል። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ተማርከው ባቢሎን ሲገቡ የጃንደረቦቹ አለቃ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ ብሎ ስም አወጣላቸው። በተማረኩበት አገር በባዕድ ስም ተጠሩ። ንጉሡ በቁጣ ሲጠራቸውም፣ ከእሳቱ «ውጡ» ሲላቸውም በዚያው በተሰጣቸው ስም ነው። አቤትም ብለውታል። ነገር ግን እሳቱ መካከል ሆነው የዘመሩትን መዝሙር ልብ ብለሽ አድምጪው። ፀሐይንና ጨረቃን፣ ዝናብንና ጠልን፣ አራዊትንና እንስሳትን ሁሉ ለምስጋና ከጠሩ በኋላ ራሳቸውን ሲጠሩ «አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል» አሉ። ሲድራቅ የሚል ቃል በዚያ መዝሙር ውስጥ የለም። ቤተ መንግሥቱ የሰጣቸው ስም እሳቱ ውስጥ አብሯቸው አልገባም። እኔ ይህን ክፍል በሠርክ ጸሎት ላይ ባነበብኩት ቁጥር ድምፄ ይቆራረጣል።

ልዩነቱን ግን አልሸፍንብሽም። እነሱ በንጉሡ ፊት «አናደርገውም» አሉ፤ አንቺ ፈርተሽ የማታምኚበትን አደረግሽ። ስለዚህ ንስሐ ያስፈልግሻል፤ ይህን ብደብቅሽ አልወደድኩሽም ማለት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በአንዲት ሌሊት ሦስት ጊዜ «አላውቀውም» ብሏል። ማንም እንደገና አላጠመቀውም። መራራ ልቅሶ አለቀሰ፣ ጌታም በባሕሩ ዳር «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠይቆ በጎቹን አደራ ሰጠው።

«አሁን ማን ነኝ?» ያልሽው ግን ከሁሉም ይከብዳል። ያደግኩበት ደብር የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕሎች ከብዙ ዘመን የጧፍና የዕጣን ጢስ የተነሣ ጠቁረው ነበር። ዲያቆን ሳለሁ አንድ ሠዓሊ መጣ። እኔ የእመቤታችንን ፊት በአዲስ ቀለም የሚቀባው መስሎኝ አጠገቡ ቆምኩ። ብሩሽ አልነካም። ጥጥ በትንሽ ውኃ እያራሰ፣ ከጉንጯ ላይ ጥፍር በምታህል ቦታ ጀምሮ ቀስ እያለ ማበስ ያዘ። ጥጡ ይጠቁራል፣ ይጥለዋል፣ ሌላ ያነሣል። ግማሽ ቀን በአንድ ጉንጭ። ከሰዓት በኋላ ወደ ዓይኗ ደረሰ፤ ዓይኗ ለካ ያን ሁሉ ዘመን ወደ እኛ ያይ ኖሯል።

የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን አባ ሰላማን የሾመልን የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስም እንዲህ ያለውን ምሳሌ ተጠቅሟል። በሰሌዳ ላይ የተሣለ መልክ ቢበላሽ ሰሌዳው አይጣልም፤ ባለ መልኩ ራሱ ይመጣና በዚያው ሰሌዳ ላይ መልኩ ይታደሳል። «ሰውን በመልካችን እንደ ምሳሌአችን እንፍጠር» የተባለልሽ ሰሌዳ አንቺ ነሽ። ፓስፖርትም፣ ደላላም፣ ፍርሃትሽም ያንን አልፋቁትም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አዲሱን ሰው «የሚታደሰውን» ብሎታል፤ «የታደሰውን» አላለም። ስለዚህ ከኑዛዜ በኋላም መንገድ ላይ «ዘሃራ» ሲባል ዞር ብትዪ አትደንግጪ። ሰባት ዓመት የሰማ ጆሮ በአንድ ሱባኤ አይለምድም።

አንድ ነገር በግማሽ መስመር ጽፈሽ አልፈሻል፤ እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ማተብሽን ከቆረጥሽ በኋላ ለምን አልጣልሽውም? ቢገኝብሽ ከሥራ ሊያስባርርሽ በሚችል ቤት ውስጥ ለምን ይዘሽው ገባሽ? ሳሙና መያዣውን በከፈትሽ ቁጥር ማን እንደሆንሽ የምታውቅ አንዲት ሴት እዚያ ቤት ነበረች። የምትጠይቂኝ ስለ እሷ ነው።

ለክርስትና እናትሽ ዛሬ ደውዪላቸው። ታሪኩን ሁሉ በስልክ አትናገሪ፤ «የክርስትና ስሜን ይንገሩኝ» ብቻ በያቸው፣ ሲነግሩሽም ወረቀት ላይ ጻፊው። እሳቸው ቢዘነጉት የተጠመቅሽበት ደብር መዝገብ ይኖረው ይሆናልና ጠይቂ። ከዚያ በሥራ ቀን፣ ሕዝብ በማይበዛበት ሰዓት ወደ ሰፈርሽ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ካህን አነጋግሪ። ያንን የተቆረጠ ማተብም ይዘሽው ሂጂ።