«እህቴ አትሌት ትሁን ብለን ጊደሯን እንሽጥ ወይ?»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ባጃጅ እነዳለሁ። ቤተሰቦቻችን ከጮቄ ሥር፣ ስናን ወረዳ ገበሬዎች ናቸው። የ17 ዓመት እህቴ እኔ ዘንድ ሆና 11ኛ ክፍል ትማራለች። ከሩጫ በቀር ሐሳብ የላትም። ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን ትወጣለች፤ አንድም ቀን አታርፍም፣ ሁልጊዜም አቅሟ እስኪሟጠጥ ነው የምትሮጠው። በትምህርት ቤቶች ውድድር በ3 ሺህ ሜትር አንደኛ ከወጣች ወዲህ አንድ ሰው መጥቶ «አዲስ አበባ ክለብ አስገባታለሁ፣ ፓስፖርትም አስወጣላታለሁ» ብሎ ገንዘብ ጠየቀን። ትምህርቷንም ታቋርጥ ይላል። አባታችን ያለችውን አንዲት ጊደር ሊሸጥ ተነሥቷል። እኔን ደግሞ ሌላ ነገር አሳስቦኛል፤ ሰሞኑን ሌሊት ቅልጥሟን ይዛ ስታቃስት እሰማለሁ። ስጠይቃት «ምንም አልሆንኩም» ትለኛለች። የድሃ ልጆች ነን፤ እውነት ትደርሳለች? ምን ላድርግ?

ወንድሟ

*

ወንድሜ፣

ለአባትህ ዛሬውኑ ደውልለትና ጊደሯ እንዳትሸጥ ንገረው። ክለብ ለአትሌቱ ደመወዝ ይከፍላል እንጂ ከቤተሰቡ ገንዘብ አይቀበልም። ወኪል የሚባለውም ድርሻውን የሚያገኘው አትሌቱ ሮጦ ካሸነፈው ላይ ነው። ክለብ የሌላት ልጅ ደግሞ ፓስፖርት ብትይዝ የትም አያደርሳትም። ትምህርቷን እንድታቋርጥ የሚጎተጉት ሰው ለእሷ አስቦ አይደለም።

ከሰውዬው ይልቅ ያስጨነቀኝ እግሯ ነው። አስቀምጣትና የቅልጥሟን አጥንት ከላይ እስከ ታች በጣትህ ቀስ እያልክ ጫን ጫን አድርገው። ሕመሙ በአጥንቱ ርዝመት የተበተነ ከሆነ በእረፍት የሚሻለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። በጣት ጫፍ በምትሸፈን አንዲት ቦታ ላይ የሚጠዘጥዛት ከሆነና ከእንቅልፏም የሚቀሰቅሳት ከሆነ ግን አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ይሆናል። የትኛውም ይሁን ሩጫውን አሁኑኑ ታቁምና በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ውሰዳት። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» ቢሏችሁም ሕመሙ ሳይጠፋ እንዳትሮጥ።

አንተ ለመጠየቅ የምታፍረው ነገርም አለ፤ ሴት መምህሯ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጠይቅልህ። ብዙ እየሮጠች ጥቂት የምትበላ ልጅ የወር አበባዋ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ አጥንቷም ይሳሳል። በጾም ወራት ባዶ ሆዷን ነው የምትሮጠው? ከሆነ ከንስሐ አባቷ ጋር ተመካከሩ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ሳይጎድልባት ትብላ፤ ሻይ ቡናውን ከምግቡ ራቅ አድርጋ ትጠጣ፣ ከምግብ ጋር ሲሆን ሰውነቷ ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋልና።

ትጋቷን እወድላታለሁ። በየቀኑ አቅምን አሟጦ መሮጥን ግን ትጋት አልለውም። በርትተው በሠሩ ማግስት ታላላቆቹ አትሌቶቻችን እያወሩ የሚሮጡትን ያህል ቀስ ይላሉ። ጉልበት የሚገነባው ሰውነት ሲያርፍና ሲተኛ ነው። ለምን ብቻዋን በጨለማ ትወጣለች? እንጦጦና ሰንዳፋ ብትሄድ አትሌቶቹ በሰልፍ ተከታትለው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ሲሮጡ ታያለህ፤ ደካማው በብርቱው እየተሳበ ይጠነክራል። እናንተም ከተማ የሚሮጡ ልጆች አይጠፉም። የስፖርት መምህሯን አነጋግርና ከእነሱ ጋር ያገናኛት፤ ሥጋትህም ይቀልልሃል። ለከፍታ ብሎ አዲስ አበባ መሄድም አያስፈልጋትም፤ ደብረ ማርቆስ እኮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል።

ትደርሳለች ወይ ላልከው፣ በ17 ዓመቷ ይህን ማንም ሊነግርህ አይችልም። የሚደርሱትም ጥቂቶች ናቸው፤ ትምህርቷን አጥብቃ እንድትይዝ የምለው ለዚህ ነው። ድህነታችሁ ግን መንገዱን አይዘጋባትም። ደራርቱ ቱሉ ከብት ጠባቂ ነበረች፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች።

እህትህን ግን የታምራት ቶላን ታሪክ አጫውታት። በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቷል። 8 ዓመት ቆይቶ ለፓሪስ ማራቶን ሲመረጥ የተሰጠው ቦታ የተጠባባቂ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ያውቃል፤ «እንዴት እኔ ተጠባባቂ እሆናለሁ» ብሎ ቢያኮርፍ ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ዝግጅቱን አልተወም። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲቀር ተተክቶ ገባና በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን አመጣ። ከሪዮ እስከ ፓሪስ ስንት ዓመት እንደሆነ ራሷ ትቁጠረው። አሁን ለእግሯ ሦስት ወር ብትሰጥ ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

እግሯ ሲድን፣ ቀስ በቀስ ወደ ልምምዷ ስትመለስ፣ የወረዳና የዞን ውድድር እንዳያመልጣት። ክለቦች ልጆች የሚመለምሉት እንዲህ ካሉ ውድድሮች ነው። ጥሪ ሲመጣላት በጽሑፍ ይሁን፤ አንተና አባትህ አንብባችሁት፣ መምህሯም አይቶት ፈርሙ። ሐኪሙ ያላችሁን ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።