ጥላ ለሚበዛበት አጥር ቡገንቪሊያ አትትከዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ግቢ ያየሁ ነው የመሰለኝ። ሐዋሳ፣ የብሎኬት አጥር፣ ጀርባው የጎረቤት ፎቅ፣ ፀሐይ ጠዋት ብልጭ ብላ ትጠፋለች፤ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ አጥሩን የሚሸፍን ሐረግ ምን ልትከል ነው ያልሽው። እኔ ለዚሁ ጥያቄ 2 ዓመትና ብዙ ብር ከፍያለሁ። አንቺ እንዳትከፍዪ ልንገርሽ።

1ኛ፦ ቡገንቪሊያ አትትከዪ። አውቃለሁ፣ በየግቢው በር ላይ ተንዠርግጎ ስታዪው ልብ ይሰርቃል። እኔም 6 ችግኝ ገዛሁ፣ ያውም ትልልቁን። ቦታው ጥላ መሆኑን ለሻጩ ነግሬዋለሁ። «ችግር የለውም፣ የትም ይበቅላል» አለኝ። መብቀሉንማ በቀለ፣ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገባ። አበባ ግን የለም፤ ሁለት ክረምት ሙሉ ቅጠልና እሾህ ብቻ። ለካ በቀን ቢያንስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ካላገኘ እንደሚገባ አያብብም። ያ ሮዝና ቀይ የምናየው ራሱ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው፤ እውነተኛዋ አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት።

ቅርንጫፉን ይዤ ወደ ሻጩ ተመለስኩ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ውሃ አታጠጪም ማለት ነው» አለኝ፣ ሌላ ደንበኛ ፊት። እኔ በየቀኑ ጠዋት ባልዲ ተሸክሜ! ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ደግሞ ቡገንቪሊያ ውሃ ሲበዛበት ነው ጭራሽ ቅጠል ብቻ የሚሆነው።

መንቀሉ የባሰ ነበር። አንድ እሾህ ጓንቱን በስቶ አውራ ጣቴ ሥር ገባና ተሰብሮ ቀረ። እጄ አብጦ ሳምንት ሙሉ ሊጥ መንካት አልቻልኩም። እንጀራ የጋገረችልኝ ያቺው እሾህ ግቢዋ የገባባት ጎረቤቴ ናት፤ እግዜር ይስጣት።

2ኛ፦ ከመግዛትሽ በፊት ፀሐይዋን ተከታተያት። እሁድ ቤት ስትውዪ በየሰዓቱ ውጪና ያረፈችበትን በጠመኔ አጥሩ ላይ ምልክት አድርጊ። እኔ ይህን ያደረግኩት ከኪሳራው በኋላ ነው። በር በኩል ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ፀሐይ አለ፣ ኩሽናው ጥግ ምንም የለም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሐረግ ለሁሉም ብዬ መግዛቴ ከመጀመሪያውም ስህተት ነበር።

3ኛ፦ በር በኩል ጠምበለል ተከልኩ። የሀገራችን ጃስሚን ነው፣ ጫካ ዳር ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ፤ ከፊል ጥላ አይከብደውም። ግን ግድግዳ ላይ ራሱ አይለጠፍም። ሽቦ በአግድም ወጥሪለት፣ ከግድግዳው ትንሽ አርቀሽ፣ ሐረጉ ከኋላ እንዲዞር። ሦስት ችግኝ ነው የተከልኩት፣ በሁለተኛው ዓመት አጥሩ ጫፍ ደረሰ። ሲያብብ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ስል መዓዛው ቡናዬን ይሻማል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ እነግራለሁ።

ለጨለማው ጥግ ፊከስ ፑሚላ የሚባለውን፣ ጥፍር የምታክል ቅጠል ያለውን አስጠጋሁ። ብሎኬቱን ራሱ ቆንጥጦ ይወጣል። መጀመሪያ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሺው። ቀለም የተቀባ የቤት ግድግዳ ላይ ግን እንዳታደርሺው፣ ሲነቀል ቀለሙን ይዞ ይመጣል። አይቪ የሚባለው ሌላው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሐረግም እንደዚያው ነው፤ ጥላ ይወዳል፣ ግን ፍሬው መርዛማ ስለሆነ ልጆች ስላሉኝ ተውኩት።

አፈሩን ረስቼው። አጥር ሥር ያለው የግንበኛ ፍርስራሽ ነው፣ እኔ ሲሚንቶና የብሎኬት ስባሪ በጆንያ አወጣሁ። ከግንቡ ሁለት ስንዝር ያህል ርቀሽ ቆፍሪ፣ ምክንያቱም ግንቡ ዝናቡን ይከለክላል። የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዪበት።

ጠምበለል ችግኝ ቤት ካጣሽ ካለው ሰው ለምኚ። አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ መሬት ላይ አስተኝተሽ መሃሉን አፈር አልብሺው፣ ድንጋይ ጫኚበት፣ ጫፉ ውጭ ይሁን። ሥር ሲያወጣ ቆርጠሽ ትወስጃለሽ። እኔ ሰኔ ላይ ለጎረቤቴ እንደዚያ አድርጌ ሰጥቻታለሁ፣ አሁን አንድ ድንጋይ ሥር ሌላ አለኝ። ከፈለግሽው ያንቺ ነው፣ በውስጥ ጻፊልኝ።