ወድቆ የተነሳው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ለሥራ ባልደረቦቼ ስለ ሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት ስለሆነው ፕሮግራም) በአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ከርነል ክራሽ ሲያደርግ (በድንገት ሲወድቅ) እና ኬዳምፕ፣ ማለትም የወደቀውን ከርነል ሜሞሪ ለምርመራ የሚያስቀምጠው አሠራር፣ ሥራውን ሲጀምር ሃርድዌሩ ውስጥ ስለሚቀረው ነገር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከርነሉ ወድቆ ሲነሳ መሣሪያዎቹ የተዉት ትርፍራፊ ሁኔታ ይጸዳል።» አንድ ባልደረባዬ አይቶት «አማርኛው ልክ ነው፣ ነገሩ ግን ልክ አይደለም» አለኝ። እኔ ግን ምንም የሰዋስው ስህተት አልታየኝም። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው? ደግሞስ «ትርፍራፊ» ይሻላል ወይስ «ቅሪት»?

መልስ፦ ባልደረባዎ ግማሹን አግኝቶታል። ሰዋስውዎ አልተሳሳተም፤ ግን ነገሩን ያበላሸውም እሱ ራሱ ነው። የአማርኛ ግስ ማን እንዳደረገ ሳይናገር አያልፍም። እርስዎም ሦስት ቦታ ላይ ሳያስቡት ለማይገባው ባለቤትነት ሰጥተዋል፣ ወይም ባለቤቱን ደብቀዋል።

«ወድቆ ሲነሳ» ከሚለው እንጀምር። «ወድቆ» ቦዝ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጽ በመሐል ሌላ ባለቤት ካልተጠራ ባለቤቱን ይዞ ወደሚቀጥለው ግስ ይሻገራል። «ልጁ ወድቆ ተነሳ» ሲባል የወደቀውም የተነሳውም ያው ልጅ ነው። ሌላ ሰው እንዲገባ ከፈለግን ጠርተን ማስገባት አለብን፦ «አባትየው ሞቶ ልጁ ወረሰ»።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከዜሮ ከተነሳ «ወድቆ ተነሳ» አያስቸግርም። መሣሪያዎቹ ኤሌክትሪክ ተቋርጦባቸዋል። ባዮሱም (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) አንድ በአንድ እየቀሰቀሰ ያዘጋጃቸዋል። ያው ከርነል ተመልሶ መጣ ብንል ማንም አይጎዳም። የእርስዎ ርዕስ ግን ኬዳምፕ ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሊኑክስ 2.6.13 ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ዋናው ከርነል ገና ጤነኛ ሳለ ከሜሞሪው ቆርሶ ባስቀመጠው ቦታ ላይ ሁለተኛ፣ ተጠባባቂ ከርነል ይጫናል። ዋናው ክራሽ ሲያደርግ በቀጥታ ወደዚያ ይዘለላል። በባዮስ በኩል ማለፍ የለም። ሁለተኛው ከርነል ተነስቶ የመጀመሪያውን ሜሞሪ ያነባል፣ ለምርመራም ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የወደቀው ሌላ፣ የተነሳው ሌላ ነው። «ከርነሉ ወድቆ ተጠባባቂው ሲነሳ» ይበሉ። አንድ ቃል ነው የተጨመረው፣ ግን አንባቢው ሁለት ከርነሎች እንዳሉ ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛው «መሣሪያዎቹ የተዉት» የሚለው ነው። መሣሪያዎቹ የተዉት ነገር የለም። እንዲያውም ችግሩ አለመተዋቸው ነው። አንድ የኔትወርክ ካርድ እንውሰድ። የቀድሞው ከርነል በደህናው ጊዜ «ፓኬት (የኔትወርክ ዳታ ጥቅል) ሲመጣ እዚህ አድራሻ ላይ ጻፍ» ብሎ የሜሞሪ አድራሻዎችን ሰጥቶታል። ካርዱ በዲኤምኤ አማካይነት ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ራሱ ይጽፋል። ከርነሉ ሲወድቅ ለካርዱ «አቁም» ያለው የለም። በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ከርነሉ ድራይቨሮቹን (እያንዳንዱን መሣሪያ የሚያዙትን ፕሮግራሞች) እየጠራ መሣሪያዎቹን ያስቆማል። በክራሽ ጊዜ ግን ድራይቨሮቹን ማመን አይቻልም። መረጃቸው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ያልተፈታ ቁልፍ ይዘው ሊሆን ይችላል፤ ከርነሉ አንዱን ብጠራ ብሎ ሲሞክር ጭራሽ ሃንግ አድርጎ (ደርቆ) ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከርነሉ ሌሎቹን ፕሮሰሰሮች አስቁሞ ብቻ ወደ ተጠባባቂው ይዘላል። ካርዱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጊዜውም ይጠንቀቁ። ብዙ ሰው «ሲጽፍ የነበረው ካርድ» ይላል። «ሲጽፍ የነበረ» ለአማርኛ ጆሮ አሁን አቁሟል የሚል ስሜት አለው። ካርዱ አላቆመም። «እየጻፈ ያለው ካርድ» ነው የሚባለው። እንዲህ ስንል ለተጠባባቂው ከርነል ለምን የራሱ ሜሞሪ ቀድሞ እንደተቆረሰለትም ግልጽ ይሆናል። ካርዱ የሚጽፈው ድሮ በተሰጠው አድራሻ ላይ ነው፣ አዲሱ ደግሞ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። «ሲጽፍ የነበረ» ብንል ግን አንባቢው «ካቆመማ ምን ያስፈራል?» ቢል እውነት አለው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ «ይጸዳል»። ይህ ተገብሮ ግስ ነው፣ አድራጊውን ይደብቃል። በቴክኒክ ጽሑፍ ተገብሮ ግስ ሁሉ ክፉ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። አድራጊው አንድና ግልጽ ሲሆን ተገብሮ ቀላል ነው። እዚህ ግን አድራጊው ማን እንደሆነ ነው ጥያቄው። ለተጠባባቂው ከርነል «ሪሴት_ዲቫይስስ» የሚል ምልክት ይሰጠዋል፣ ግን ከርነሉ ራሱ ዞሮ መሣሪያዎቹን አይመታም። ምልክቱን አይቶ መሣሪያውን ሪሴት ማድረግ (ወደ መነሻ ሁኔታው መመለስ) የየድራይቨሩ ፈንታ ነው። ይህ ያልተጻፈበት ድራይቨር አያደርገውም። ጨርሶ ድራይቨር ያልተጫነለት መሣሪያማ ማን ይደርስለታል? «ይጸዳል» ያለው መመሪያ ይህን ሁሉ ሸፍኖታል።

ኢንተረፕትን፣ መሣሪያ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት፣ ይዩ። መሣሪያው «ስሙኝ» ብሎ መስመሩን ይዞ ይጮኻል፣ ድራይቨሩ ግን ገና አልተጫነም። ጥሪው መላልሶ ይመጣል። ሊኑክስ ይቆጥራል፦ ከ100,000 ጥሪዎች ውስጥ ከ99,900 በላዩን የሚያስተናግድ ከጠፋ «ማንም ዞር ብሎ አላየውም» ዓይነት መልእክት ጽፎ መስመሩን ይዘጋዋል። ያንኑ መስመር የሚጋራ ሌላ ጤነኛ መሣሪያ ካለ አብሮ ይታፈናል። ይህ ጸዳ ይባላል? አይባልም፣ «ተዘጋ» ነው። ሁለቱ ግሶች አንድ አይደሉም፣ አንባቢዎ ዲስኩ የጠፋበት ዕለት ልዩነታቸው ይገባዋል።

ከዚህም የባሰ አለ፦ ጭራሽ መጽዳት የሌለበት። አይኦኤምኤምዩ የሚባለው ክፍል መሣሪያዎች የሚጠሩትን አድራሻ ወደ ትክክለኛው የሜሞሪ አድራሻ ይመልሳል። ይህን የሚያደርግበትን ሠንጠረዥ የሞላው የወደቀው ከርነል ነው። ተጠባባቂው ተነስቶ «የአሮጌው ነው» ብሎ ቢጠርገው፣ ገና እየጻፈ ያለው ካርድ አድራሻው ከእጁ ይነጠቃል። የስህተት መዓት ይዘንባል። አንዳንዱ መሣሪያ አኩርፎ ድራይቨሩ ሲመጣም አይታዘዝም። ለዚህ ነው በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ሊኑክስ 4.2 የኢንቴሉ ድራይቨር አሮጌውን ሠንጠረዥ መቅዳት የጀመረው፤ የኤኤምዲውም በ2017 እ.ኤ.አ. ተከተለ። አዲሱ ከርነል ሠንጠረዡን እንዳለ ይወስዳል፣ ካርዱም እንደለመደው ይጽፋል። የካርዱ ድራይቨር ተነስቶ መሣሪያውን በራሱ መንገድ ሲያዘጋጅ ነው አዲስ አድራሻ የሚሰጠው።

ለዚህኛው «ይረከባል» የሚሉ አይቻለሁ። አልወደድኩትም። ርክክብ ሁለት ወገን ይፈልጋል፣ አስረካቢና ተረካቢ። እዚህ አስረካቢው ሳይናገር ሄዷል። «ይወርሳል» ይሻላል። ወራሽ ዕዳውንም ንብረቱንም ይወርሳል፣ የሟቹንም ፊርማ አይጠብቅም።

ስሙ ቀላል ነው። «ትርፍራፊ» ከገበታ አይርቅም፣ የማይረባ ነገርም ያስመስላል። ሠንጠረዡ ደግሞ እንዳየነው በጣም ይረባል። «ርዝራዥ» ጠላት ያደርገዋል። «ቀሪ ሁኔታ» ብዬ ላጽድቅ ብዬ ነበር፣ ግን «ቀሪ» ያልመጣንም ይላል፤ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «ቀሪ» የሚባለው የሌለው ነው። «ቅሪት» ይሁን። ክፉም ደግም አይልም።

ሪሴት፣ ድራይቨር፣ ኢንተረፕት የሚሉትን እንዳሉ ይተዋቸው። ባልደረቦችዎ ቀኑን ሙሉ የሚሏቸው እነዚህን ነው። «ክራሽ አደረገ»ንም ቢጽፉ አልቆጣም፤ ብቻ ከ«ሃንግ አደረገ» ጋር አያምታቱት፣ ሃንግ ያደረገ ከርነል ወደ ተጠባባቂው የሚዘልለት ካላገኘ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ዓረፍተ ነገርዎን እኔ ብሆን አንዱን ሦስት አድርጌ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ከርነሉ ወድቆ ተጠባባቂው ሲነሳ፣ የወደቀው ከርነል ያላስቆማቸው መሣሪያዎች ገና እየሠሩ ነው። ተጠባባቂው የአድራሻ ሠንጠረዡን ቅሪት ይወርሳል። መሣሪያውን ሪሴት ማድረግ ሲጫን የየድራይቨሩ ፈንታ ነው፤ ድራይቨር ያልተጫነለት መሣሪያ ግን እንደነበረ ይቀጥላል።»