ሐረር ከሀገር ጋር ትገጥማለች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው የምጽፈው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሙቀቱ በረድ እስኪል ከእህቴ ልጅ ጋር ክሮስወርድ እንሞላለን። ባለፈው ወደ ጎን «የጀጎል ከተማ፣ 3 ፊደል» ይላል፤ «ሐረር» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያው ከመጀመሪያው ሳጥን ወደ ታች ደግሞ «የትውልድ ምድር፣ 3 ፊደል» አለ፤ «ሀገር» መሆኑ ነው። ልጅቷ «ሁለቱ ሀ አንድ አይደሉም፣ አይገጥምም» ብላ እርሳሱን ወረወረችው። ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ችግር አለው? ደግሞስ ክሮስወርድን በአማርኛ ምን እንበለው?

መልስ፦ አቦ፣ ልጅቷን አታናዳት፣ ልክ ናት። አንተም አልተሳሳትክም። ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው።

ስናወራ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ አይለዩም። ልዩነቱ ከግዕዝ የወረስነው ነው። «ሀገር» የግዕዝ ቃል ስለሆነ በሀሌታው ይጻፋል፣ አለቀ። «ሐረር» ግን የግዕዝ ቃል አይደለችም፤ ሐመሩን የሰጣት ልማድ ነው። እንዲያውም ዓረብኛ ከጉሮሮ ተጨንቆ የሚወጣ አንድ ሀ እና ቀለል ያለ ሌላ ሀ አለው፣ ከተማችንን የሚጽፋትም በቀለል ባለው፣ ማለትም የሀሌታው ዘመድ በሆነው ነው። እዚህ ሐረር ተቀምጬ በሀሌታው ብጽፋት ግን ጎረቤቶቼ ሰላም የሚሉኝ አይመስለኝም።

የናንተው ለገሃርም ያው ናት። ባቡሩ በፈረንጆቹ 1902 ድሬ ደርሷል፤ ስሙ የመጣው «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፣ ጣቢያው ማለት ነው። እዚያ ውስጥ «ሃ» የሚባል ድምፅ የለም፣ እኛ ነን የጨመርንበት። ታዲያ «ለገሀር» ብሎ የጻፈን ሰው በምን ሕግ ትቀጣዋለህ?

ስለዚህ አዘጋጁ ከላይ «በድምፅ» ወይም «በሆሄ» ብሎ መጻፍ አለበት። እኔ በሆሄ የሚሠራው ይጥመኛል፣ ምክንያቱም ፍንጩ ራሱ ቅኔ ይሆናል። «በንጉሡ ሠ ፀሐይ፣ በእሳቱ ሰ ሌባ፣ 3 ፊደል» ቢልህስ? በግዕዝ ሠረቀ ወጣ ነው፤ ሰረቀ ደግሞ ያው የምታውቀው ሰረቀ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አለማሳየቱ እንኳ እዚህ ጋ ይጠቅማል። «ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው፣ 2 ፊደል።» ዋና! እንዲህ ያለው ሲገባህ ብቻህን ትስቃለህ፣ ሻይህም ይቀዘቅዛል።

ስሙን ክሮስወርድ በሉት፣ ሰው ሁሉ ይገባዋል። አርተር ዊን የሚባል ሰው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ሲያወጣው «ወርድ ክሮስ» ነበር ያለው፤ ኋላ ተገለበጠ። እነሱም አልጸኑበትም።

አሁን ለልጅቷ አንድ ለየት ያለ ጨዋታ ልስጣት። የእኛ ክሮስወርድ ከባድ የሚሆነው አንዱ ሳጥን አናባቢውንም ጠቅልሎ ስለሚይዝ ነው። ድሬዳዋ በላቲን 8 ሳጥን ይፈጃል፣ በኛ 4። ቃሉ ያጥራል፣ መጋጠሚያው ይጠፋል፣ ድ ያለበት ሳጥን ዳን አይቀበልም። እኔ ቤት የምሠራው ግን ሁሉም ፊደል በግዕዙ ብቻ የሚጻፍበት ነው፣ ማለትም ድ፣ ዳ፣ ዶ ሁሉም ደ ይሆናሉ። ሳጥኖቹ ላይ «ደ ረ» ካየህ ዶሮ ሊሆን ይችላል፣ ዱር፣ ዳር፣ የሸረሪት ድር፣ ራሷ ድሬም። ፍንጩን ደጋግመህ ካላነበብክ ዶሮውን ዱር ውስጥ ትለቀዋለህ። ግሦች ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል፤ ሰበረ፣ ሰባራ፣ ስባሪ ሁሉም «ሰ በ ረ» ስለሆኑ ሥሩን ይዘህ ቅርንጫፉን ትፈልጋለህ። መጀመሪያ ቀን ያናድዳል። እኔ ራሴ ስሠራው ሁለት ጊዜ ወረቀት ቀድጃለሁ።

እዚህ ጨዋታ ላይ ሦስቱንም ሀ አንድ ሳጥን አድርጌያቸዋለሁ፤ ስለዚህ ያንተ ሐረር ከሀገር ጋር ያለ ጠብ ትገጥማለች። ችግሩ «ሀ ረ ረ» ብለህ ስትጽፍ ሐሩርም እዚያው መግባቱ ነው። ሐሩሩ ግን የእናንተ ነው፣ እኛ ጋ ነፋሻማ ነው።