ከሙጫ አልበም የማይላቀቁ የጓሮ ፎቶዎች፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ሰላም እህታችን። በአያቶችሽ ጓሮ የተነሱት ፎቶዎች ሙጫ ያለው አልበም ላይ ተጣብቀው አልላቀቅ እንዳሉሽ፣ ዛፉና ሣሩ ወደ ቀይ ቡናማ እንደዞረ፣ መቼ እንደተነሱም የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ጽፈሻል። አንድም ፎቶ ሳትነኪ መጀመሪያ አልበሙን ገጽ በገጽ በስልክሽ አንሺው። ቅደም ተከተላቸው ራሱ መረጃ ነው፤ አንዴ ከተበተኑ የትኛው ከየትኛው ጋር በአንድ ቀን እንደተነሳ መለየት ይከብዳል።

ለማላቀቅ በጥፍር ወይም በቢላ ጥጉን አታንሺ። ፎቶው ሲታጠፍ ምስሉን የያዘው የጄላቲን ሽፋን ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ አይድንም። ሰም የሌለው የጥርስ ክር 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጪ፣ በሁለት እጅሽ ወጥረሽ በአንዱ ጥግ ከጀርባው አስገቢና እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እያልሽ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ክሩ ወደ ገጹ እንጂ ወደ ፎቶው አይጫን። እምቢ ካለ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ከገጹ ጀርባ በኩል ለጥቂት ሰከንድ አሳዪው፤ ሙጫው ይለሰልሳል። በፎቶው ፊት በኩል ሙቀት በፍጹም እንዳይነካው። ያም ካልሆነ አትታገዪው፣ ገጹን በዙሪያው በመቀስ ቆርጠሽ ፎቶውን ከነካርቶኑ አስቀምጪው። ውሃ አይሞከርም፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ይፈስሳል። ከመስተዋት ጋር የተጣበቀ ካለም ከነመስተዋቱ ስካን ይደረግ።

ስካኑን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) አድርጊው፤ ከመዳፍ ላነሱት 1200 ይሻላል። የስካነሩን አውቶማቲክ የቀለም ማስተካከያ አጥፊ። ዋናውን ጥራት በማይቀንሰው የቲፍ (TIFF) ፋይል አስቀምጪ፣ ለዘመድ የምትልኪውን አነስ ባለው በጄፔግ (JPEG)። ጀርባውንም አትርሺ። ነጋቲቩ (ፎቶው የወጣበት ፊልም) ከተገኘ ግን ከፎቶው በፊት እሱን ያዢ፤ ሲታተም ከጠርዙ የተቆረጠው የጓሮው ክፍል እሱ ላይ አለ።

አረንጓዴው የጠፋው በቀለም ፎቶ ውስጥ ካሉት ሦስት ቀለሞች (ሲያን ማለትም አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ፣ ማጀንታ ማለትም ሐምራዊ ቀይ፣ እና ቢጫ) ብዙ ጊዜ በጨለማ ቦታ ቀድሞ የሚደበዝዘው ሲያኑ ስለሆነ ነው። ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው በሲያንና በቢጫ ነው፤ የጓሮ ፎቶዎች በዚህ ክፉኛ የሚጎዱት ለዚያ ነው። በኮምፒውተር የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ የ«ሌቭልስ» (የጥቁርና ነጭ መጠን ማስተካከያ) መሣሪያውን ክፈቺና ቀዩን ቻናል (የቀይ ቀለሙን ድርሻ) ብቻ ምረጪ፤ የጥቁሩን ምልክት ግራፉ እስከሚጀምርበት ድረስ ወደ ቀኝ ሳቢው። ከዚያ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን በየተራ አስተካክዪ። ልክ መሆኑን የምታውቂው ነጭ ሸሚዝ ወይም ግራጫ ድንጋይ አይተሽ ነው። ቅጠሉን እያየሽ ካስተካከልሽ የሰዎቹ ፊት የታመመ ይመስላል።

ዘመኑን ለመገመት ጓሮው ራሱ ትልቅ ምስክር ነው። የማይንቀሳቀስ ነገር ፈልጊ፣ ለምሳሌ የመስኮቱን ደፍ፣ ከዚያ አንዱን ዛፍ በእሱ እየለካሽ ፎቶዎቹን ደርድሪ። ቁመት ሊያሳስት ይችላል፤ ዛፍ ይከረከማል። የግንዱ ውፍረት ግን ወደ ኋላ አይመለስም። ከዚያ የልደት ዓመቱ የሚታወቅ ሕፃን ያለበት አንድ ፎቶ ብታገኚ ሌሎቹ ከፊቱና ከኋላው ይሰለፋሉ። ወረቀቱም ይረዳል፦ ኢንስታማቲክ ከተባለው የኮዳክ ካሜራ የወጣ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፎቶ ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ሊቀድም አይችልም፤ ያ ካሜራ የወጣው በዚያ ዓመት ነው። ጠርዙ ላይ የታተመ ወርና ዓመት ካለ የታጠበበት እንጂ የተነሳበት አይደለም፤ ፊልሙ ካሜራ ውስጥ ወራት ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ሲያልቅ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ በተሠራ ኪስ አስቀምጪያቸው፤ ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራውን ተዪ፣ ፎቶውን ይጎዳል። ስምና ዓመት በእስክሪፕቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ ከጀርባ በጠርዙ በኩል ይጻፍ፤ ጀርባው ፕላስቲክነት ካለውና እርሳስ ካልያዘ ፎቶውን በምታስቀምጪበት ፖስታ ላይ ጻፊ። የገመትሽው ዓመት ከሆነ «ገደማ» የሚለውን ጨምሪበት።