አፈሩ ሰመጠ፤ የአባቴ ነፍስ አላረፈችም ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። አባታችን ካረፉ ሰባት ወር ሆናቸው። ከከተማው ወጣ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው የተቀበሩት። አርባና ሰማንያቸውን አውጥተናል። በክረምቱ ግን የመቃብራቸው አፈር ሰመጠ። አንዲት ጎረቤታችን አይታ «ሐውልት እስኪሠራላቸው ነፍሳቸው ደጅ ቆማ ነው የምትቆየው» አለችን። ታላቅ ወንድሜ ተበድሮም ቢሆን ለሙት ዓመታቸው በእምነ በረድ አሠራለሁ ብሎ ተነሥቷል። አክስቴ ደግሞ በሄደች ቁጥር ከቡናዋ አቦሉን አፈሩ ላይ ታፈሳለች። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ «ይሄ ሁሉ የጥንት አረማውያን ነገር ነው፤ እነሱም ጉብታ እየከመሩ ዕቃና ምግብ ይቀብሩ ነበር» ይላል። በመጽሐፍ ቅዱስም እኮ የድንጋይ ክምር አለ። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ስለ ፍትሐቱና ስለ ተዝካሩ አልናገርም፤ የሚገባውን አድርጋችኋል።

መጀመሪያ የአፈሩን ነገር እንጨርስ። የተቆፈረ አፈር ልል ነው። ከሥሩ ያለው ሣጥንም ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። በዚያ ላይ የጅማ ዝናብ አለ። ታዲያ አይሰምጥም? የጻድቁም ይሰምጣል፣ የኃጥኡም ይሰምጣል። ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ ቃል ልምጣ። «ደጅ ቆማ» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ጿሚዎች፣ አስቀዳሾች ናቸው። ነገሩ ግን ከቤተ ክርስቲያን የመጣ አይደለም።

ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ሆሜር የሚባለው የግሪኮች ባለቅኔ «ኢሊያድ» በተባለው ግጥሙ የግሪኩን ጀግና የአኪልስን ወዳጅ የፓትሮክሎስን ሞት ይተርካል። ፓትሮክሎስ ጦር ሜዳ ላይ ወደቀ። ገና አልተቀበረም። ሌሊት ለአኪልስ በሕልም ይመጣና ቶሎ እንዲቀብረው ይለምነዋል። ሙታኑ ወንዙን እንዳልሻገር ከለከሉኝ፣ በሲኦል ደጃፍ እየተንከራተትኩ ነው ይለዋል። አየሽ? ደጅ ቆማለች ማለት ይሄ ነው! ጎረቤታችሁ ሆሜርን አላነበበችም። ፍርሃቱ ግን አንድ ነው። የሰው ልጅ ሁሉ የሞተበትን ሰው «አሁን የት ነው ያለው?» ብሎ ይጨነቃል። መልስ ሲያጣ ድንጋይ ያነሣል።

አኪልስም በመጨረሻ ጉብታ ከመረለት። የጠላት ወገን ጀግና ሄክቶርም ሲሞት ወገኖቹ ከመሩለት፤ ግጥሙ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ የተጻፈ ቤውልፍ የሚባል ግጥም ደግሞ አለ። እዚያም ጀግናው ሲሞት፣ መርከበኞች ከሩቅ እንዲያዩት በባሕር ዳር ገደል ላይ ጉብታ ተሠርቶለት ሀብት አብሮ ይቀበራል። ይሄ ተረት ብቻ አይደለም። በ490 ከልደተ ክርስቶስ በፊት በማራቶን ጦርነት ላይ የሞቱት 192 አቴናውያን የተቀበሩበት ጉብታ እስከ ዛሬ አለ። ወደ እኛ አገር ስትመጪም በቡታጅራ መንገድ የጥያ ትክል ድንጋዮች አሉ። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. የመዘገባቸው ናቸው። ሠላሳ ስድስት ናቸው፤ ብዙዎቹ ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል። ከሥራቸው ሰው ተቀብሯል። ሰይፉን ታያለሽ፣ ትቆጥሪዋለሽ። ማን እንደሆነ ግን የሚነግርሽ የለም። ድንጋዩ ቀረ፣ ስሙ ጠፋ።

ስለዚህ ታናሽ ወንድምሽ ስለ ጥንቶቹ የተናገረው እውነት አለው። ግን ቸኩሏል። አረማውያን ያደረጉት ሁሉ አረማዊ ነው ካልን እንጀራም መብላት ሊቀርብን ነው። ያዕቆብ ራሔልን በመንገድ ቀበራትና በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቆመ (ዘፍ. 35፥20)። ያዕቆብን ማን ወቀሰው? ሐውልት ኃጢአት አይደለም። ለሚያለቅስ ሰው የሚቆምበት ቦታ ይሰጠዋል።

ነገር ግን አንቺ ያልሽውን የድንጋይ ክምር ደግሞ እንየው። መጽሐፍ ቅዱስ ታላቅ የድንጋይ ክምር የተከመረበት ሰው እያለ የሚተርከው ስለ እነማን ነው? እርም የሰረቀው አካን (ኢያ. 7፥26)። የጋይ ንጉሥ (ኢያ. 8፥29)። በአባቱ ላይ የተነሣው አቤሴሎም (2ኛ ሳሙ. 18፥17)። የአቤሴሎም ደግሞ ይገርማል። ስሜን የሚያስጠራ ልጅ የለኝም ብሎ በቁሙ ለራሱ ሐውልት አሠርቶ ነበር። ሲሞት በዱር ጉድጓድ ተጣለ፤ ድንጋይም ተከመረበት። ሐውልቱ አንድ ቦታ፣ ሬሳው ሌላ ቦታ።

አብርሃምስ? ለሣራ መቃብር በአራት መቶ ሰቅል ብር የመክፌላን ዋሻ ከነእርሻው ገዛ። መጽሐፉ የግዥውን ክርክር በረጅሙ ይተርካል። ስለ ክምር ግን አንድ ቃል የለም። ሙሴንም እግዚአብሔር ቀበረው፤ መቃብሩን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም (ዘዳ. 34፥6)። እንግዲህ ሐውልት የሌላት ነፍስ ደጅ የምትቆም ከሆነ ሙሴ የት ሊሆን ነው? በደብረ ታቦር ከጌታ ጋር የታየው እሱ አይደለም እንዴ? ጌታችንም ቢሆን የተቀበረው በዮሴፍ መቃብር ነው። የራሱ መቃብር እንኳ አልነበረውም።

«የጻድቃን ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት» ይላል መጽሐፈ ጥበብ (3፥1)። በእጁ ናት። በድንጋይ ጠራቢ እጅ አይደለችም።

አክስትሽን በተመለከተ፣ አደራ፣ እንዳትቆጧት። ጅማ ላይ ለምትወጂው ሰው ከቡና በላይ ምን ትሰጪዋለሽ? ከአባትሽ ጋር ስንት አቦል ጠጥታ ይሆናል። ግን በቀስታ ንገሯት። ሲራክ ለመቃብር የቀረበ ምግብ ለተዘጋ አፍ እንደሚቀርብ ምግብ ነው ይላል (30፥18)። ጦቢት ለልጁ እህልህን በጻድቃን መቃብር ላይ አፍስስ ያለውን (4፥17) የሚጠቅሱ አሉ። ያው ጦቢት ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ እንጀራህን ለተራበ ስጥ ይላል። አባቶቻችን የሞተን ሰው ስም ጠርተው የሚያበሉት ድሃውን ነው። ቡናዋን በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን ትቅዳና «ነፍስ ይማር በሉልኝ» ትበላቸው።

ወደ ታላቅ ወንድምሽ ስመጣ ግን ቃሌ ይጠነክራል። ተበድሮ አይሠራም! አንዲት እናት ለባሏ ሐውልት ብላ የምታልባትን ላም ሸጣ አይቻለሁ። ሐውልቱ ያምራል። ልጆቹ ግን ወተት አጡ። ወንድማማቾች «አንተ ስንት አዋጣህ» ተባብለው በአባታቸው ሙት ዓመት ሲኮራረፉም አይቻለሁ። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢም ሰፊ አይደለም። አንዱ በእምነ በረድ ሰፋ አድርጎ ሲይዝ ለሌላው ድሃ መቀበሪያ ይጠባል። ሰው ያየናል የሚለውን ፍርሃት «ለአባቴ ነፍስ» ብለን ስም ባንለውጠው ጥሩ ነው። ገንዘብ ካለው በአባቱ ስም ቁርባን ያስቀድስ፣ የተራበ ያብላ። ከዚያ የተረፈ ካለ ድንጋዩን ያስጠርብ፤ አልቃወመውም።

አሁን ጥቅምት ገብቷል፤ መሬቱ ጠጠር እያለ ነው። አንድ ቅዳሜ ወንድሞችሽ አካፋ ይዘው ይሂዱ። አፈር ጨምረው ይጠቅጥቁት። ውኃ እንዳይተኛበት መሐሉን ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ዙሪያውን በድንጋይ ይክበቡት። በራስጌው መስቀል አቁሙና ስማቸውን ጻፉበት። የክርስትና ስማቸውን እንዳትረሱ፤ ካህኑ በጸሎት የሚጠራቸው በዚያ ነው። ቀብሩ ላይ የቆፈሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ካሉም ጥሯቸው፤ ደስ ይላቸዋል። አክስትሽም ከግቢው ውጭ ከዛፉ ሥር ቡናዋን ታፍላ። አካፋ ይዘው የዋሉት ይጠጡታል።